ካርዱ ላይ ያልተጻፈው ወንዝ፦ ለንጹሕ አካባቢ መብት የተደረገው የሕግ ክርክር አጭር ታሪክና የጤና ባለሙያው ድርሻ

መግቢያ

በአዲስ አበባ መሐል፣ ካዛንቺስ በሚባለው ሰፈር ዳርቻ፣ ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ይገኛሉ። አንደኛው በ1961 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ነው። ግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር የተፈረመው በዚሁ አዳራሽ እንደሆነ ይታወቃል። ሁለተኛው ከዚያ ብዙም ሳይርቅ፣ ከፍል ውኃ በኩል መጥቶ የቂርቆስ ክፍለ ከተማን እያቋረጠ የሚወርደው የባንተይቀጡ ወንዝ ነው። በአዳራሹ ስለ ሰው ልጅ መብት ብዙ ተነግሯል፤ ወንዙ ደግሞ የከተማውን ቆሻሻ ተሸክሞ ወደ ትልቁ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳል።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሳሳኝ በ2008 ዓ.ም. ክረምት በክፍለ ከተማው በሚገኝ፣ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ጤና ጣቢያ ያጋጠመኝ ነገር ነው። ከሕክምና ትምህርት ቤት ከወጣሁ ብዙም አልቆየሁም ነበር። አንዲት እናት የሦስት ዓመት ልጇን በተቅማጥ ምክንያት በአራት ወር ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ ይዛ መጣች። ልጅቷን መርምሬ፣ የሰውነት ፈሳሿ ምን ያህል እንደጎደለ ለክቼ፣ ሕይወት አድን ንጥረ ነገርና ዚንክ አዘዝኩላት። እናቲቱ ለመሄድ ስትነሣ፣ «ዶክተር፣ ወንዙ ሲሞላ እኮ ነው የሚብስባት» አለችኝ። ራሴን ነቅንቄ ሸኘኋት። በካርዱ ላይ ግን ስለ ወንዙ አንድም ቃል አልጻፍኩም።

ከዓመታት በኋላ፣ ስለ አቃቂ ወንዝ የቀረበ አንድ የፍርድ ቤት ክርክር ታሪክ ሳነብ ያ ካርድ ትዝ አለኝ። ክርክሩን ያቀረበው ለትርፍ ያልተቋቋመ የባለሙያዎች ማኅበር ነበር። በዚህ ጽሑፍ የዚያን ክርክር አመጣጥ፣ ውጤቱንና ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማሳየት እሞክራለሁ። ነገሩ የሕግ ባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ መስሎ ቢታይም፣ የእኛ የጤና ባለሙያዎች ድርሻ ያለበት እንደሆነ አንባቢ እንደሚገነዘብ ተስፋ አደርጋለሁ።

ንጽሕና ግዴታ በነበረበት ዘመን

በዘመናዊቱ ኢትዮጵያ የአካባቢ ንጽሕና መጀመሪያ ወደ ሕግ የገባው የዜጎች መብት ሆኖ ሳይሆን የመንግሥት ቁጥጥር ሥራ ሆኖ ነው። በ1939 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና አዋጅ ቁጥር 91 ወጣ፤ በማግሥቱ ዓመት የሕዝብ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ራሱን ችሎ ተቋቋመ። በ1954 እ.ኤ.አ. በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን በአንድ ቡድን አሠለጠነ። የሳኒታሪያኑ ሥራ ጉድጓድና ምንጭ መመርመር፣ መጸዳጃ ማስቆፈር፣ ጥፋተኛውን ማስጠንቀቅና ማስቀጣት ነበር። ይህ አሠራር በዘመኑ ለኅብረተሰቡ ጤና የሰጠው ጥቅም ቀላል አልነበረም። ሆኖም ተቆጣጣሪው ራሱ ሥራውን ሳይሠራ ቢቀር ነዋሪው ማንን ይጠይቃል ለሚለው ጥያቄ መልስ አልነበረውም።

በዚያው ዘመን የወጡት ታላላቅ ሕጎች የግል ተበዳይን አስበዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2069 አደገኛ ሥራ የሚሠራ፣ መርዛማ ነገር የሚያከማች ወይም የሚጠቀም ሰው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊ የሚሆንበትን መንገድ ደነገገ። ነገር ግን ሕጉ ካሣ የመጠየቂያውን ጊዜ በአንቀጽ 2143 በሁለት ዓመት ወሰነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 33 በተከሰሰበት ነገር ላይ ጥቅም የሌለው ሰው ከሳሽ ሊሆን እንደማይችል ደነገገ። ይህ ድንጋጌ ለመሬት ወይም ለገንዘብ ክርክር ተገቢ ነው። ወንዝ ግን የማንም የግል ንብረት ስላልሆነ፣ ወንዝ ሲበከል «እኔ ነኝ የተጎዳሁት» ብሎ በማስረጃ የሚቀርብ አንድ ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ከአርባ ዓመት በኋላ በተደረገው ክርክር ይኸው ችግር በግልጽ ታየ።

ካዛንቺስና የወንዙ ዳር ኑሮ

የካዛንቺስ ስም ራሱ ከመንግሥት ቤቶች ጋር የተያያዘ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ከሚሠራው «ኢንቺስ» ከተባለው ተቋም ስም ጋር «ካዜ» ማለትም ቤቶች የሚለው ቃል ተጣምሮ በሕዝቡ አፍ ካዛንቺስ ሆነ። ከነጻነት በኋላ ሰፈሩ እየሰፋ ሄዶ፣ በአንድ ወገን ትላልቅ መሥሪያ ቤቶችና ሆቴሎች፣ በሌላው ወገን ጥቅጥቅ ያሉ የጭቃ ቤቶች የሚገኙበት ሆነ።

በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ከወጣ በኋላ ከነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ የቀበሌ ቤቶች ሆኑ። ኪራያቸው አነስተኛ ስለነበረ ድኻው በከተማው መሐል፣ ከሥራው አጠገብ ለመኖር ቻለ። በሌላ በኩል ቤቶቹ እድሳት አላገኙም፤ አንድ መጸዳጃ ለብዙ አባወራ የጋራ ሆነ፤ ወደ ወንዙ የቀረበው ቤት ፍሳሹን ወደ ወንዙ ለቀቀ። በመሆኑም የወንዙ ዳር ነዋሪ የብክለቱ ተጎጂም አንዱ ምክንያትም ነበር። ይህን ሳይገነዘቡ ስለ ወንዙ ብክለት መናገር ነዋሪውን መወንጀል ይሆናል፤ መጸዳጃ ያልተሠራለት ሰው ቆሻሻ ጣለ ተብሎ ቢቀጣ ወንዙ አይጸዳም።

በወንዙ ዳር አትክልትም ይመረት ነበር። በፍሳሽ በጠለቀ ውኃ የለማው ሰላጣና ቆስጣ በከተማው ገበያ ይሸጣል። ተመራማሪው ፍስሐ ኢታና በ2002 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔት ባወጡት ጥናት በአዲስ አበባ በሚመረቱ ቅጠላ ቅጠል አትክልቶች ውስጥ የሚገኙ ብረታ ብረቶችን መጠን ለክተው ከጤና አንጻር ያለውን ትርጉም መርምረዋል። በዚህ ረገድ የሳይንሱ ማኅበረሰብ ዝም አላለም ማለት ይቻላል። ጥናቱ በመጽሔት ላይ ወጥቶ በመደርደሪያ መቀመጡና ወደ ፍርድ ቤት የሚወስደው መንገድ አለመኖሩ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

መብቱ ሲጻፍ

በ1980ዎቹ ዓ.ም. ነገሩ መልኩን ለወጠ። ኢትዮጵያ በ1993 እ.ኤ.አ. የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶችን ቃል ኪዳን ተቀበለች። የቃል ኪዳኑ አንቀጽ 12 የጤናን መብት ሲደነግግ የአካባቢንና የኢንዱስትሪ ንጽሕናን ማሻሻል የመብቱ አካል አድርጎ ይቆጥራል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው አወጀ፤ በአንቀጽ 37 ፍትሕ የማግኘት መብትን፣ ማኅበራት ስለ አባሎቻቸው፣ ተመሳሳይ ጥቅም ያላቸው ሰዎችን የሚወክሉም ስለ ወከሏቸው የሚከራከሩበትን መንገድ ጨምሮ፣ ደነገገ።

ዝርዝሩ በ1995 ዓ.ም. ተከተለ። በዚያ ዓመት የአካባቢ ጥበቃ አካላት ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 295፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 እና የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ወጡ። ከነዚህ ሁሉ ለርዕሳችን የሚቀርበው የአዋጅ ቁጥር 300 አንቀጽ 11 ነው። በዚህ አንቀጽ መሠረት ማንኛውም ሰው የራሱ ጥቅም የተነካ መሆኑን ማሳየት ሳያስፈልገው፣ በአካባቢ ላይ ጉዳት በሚያደርስ ወይም ሊያደርስ በሚችል ሰው ላይ ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም አግባብ ላለው የክልል መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። ውሳኔው በ30 ቀን ውስጥ ካልተሰጠ ወይም አቤት ባዩ በውሳኔው ካልተስማማ፣ በ60 ቀን ውስጥ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። የ1958ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ የዘጋውን በር ይህ አንቀጽ ለአካባቢ ጉዳይ የከፈተው መስሎ ነበር።

አፓፕና የአቃቂ ክርክር

በሩ በእርግጥ የተከፈተ መሆኑን ለመፈተን የተነሣው አክሽን ፕሮፌሽናልስ አሶሴሽን ፎር ዘ ፒፕል፣ በአጭሩ አፓፕ፣ የተባለው ማኅበር ነበር። አፓፕ በሽግግሩ ዘመን በተለያየ ሙያ የሠለጠኑ ኢትዮጵያውያን ያቋቋሙት፣ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሲሆን፣ በሰብአዊ መብት ትምህርትና ለአቅመ ደካሞች በሚሰጥ የሕግ ድጋፍ ይታወቅ ነበር። በዚያው ዘመን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤ በ1984 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ደግሞ በ1995 እ.ኤ.አ. ተመሥርተው ነበር። እነዚህ ድርጅቶች ለሕግ ሙያ አዲስ ልማድ አስተማሩ፤ ጠበቃው ደንበኛው ገንዘብ ይዞ እስኪመጣ አይጠብቅም፣ ጉዳዩ ወዳለበት ይሄዳል።

አፓፕ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ያቀረበው ክስ የአቃቂንና የሞጆን ወንዞች ብክለት የሚመለከት ነበር። ክሱ የቀረበው ግን ፍሳሽ በሚለቅ በአንድ ፋብሪካ ላይ አይደለም፤ ወንዞቹን የመጠበቅ ሕጋዊ ኃላፊነት በተጣለበት በአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ላይ ነው። ይህ የታሰበበት እርምጃ ነበር። በወንዙ ላይ የሚለቀቀው ፍሳሽ የብዙ ፋብሪካዎች፣ የብዙ ሆቴሎችና የብዙ ሺህ ቤቶች ድምር ነው። ከመካከላቸው አንዱን ነጥሎ ቢከሱት «የእኔ ድርሻ የቱ ነው?» ብሎ ለመከራከር ይመቸዋል። ሁሉንም የሚያገናኛቸው የቁጥጥሩ ሥራ በመሆኑ፣ ተቆጣጣሪው ግዴታውን እንዲወጣ ፍርድ ቤት ቢያዘው ነገሩ ከምንጩ ይነካል የሚል ሐሳብ ነበረው።

ባለሥልጣኑ መቃወሚያ አቀረበ። ፍርድ ቤቱም በ1999 ዓ.ም. መቃወሚያውን ተቀብሎ ክሱን ውድቅ አደረገው፤ ይግባኙም ውጤቱን አልለወጠውም። ለእኛ ለጤና ባለሙያዎች ልብ ሊባል የሚገባው፣ ክርክሩ ወደ ፍሬ ነገሩ ሳይገባ መቋጨቱ ነው። ወንዙ ምን ያህል ተበክሏል? ክሮሚየሙ ከየት መጣ? ውኃውን ተጠቅሞ የታመመው ማን ነው? የሚሉት ጥያቄዎች በችሎት ፊት አልተመረመሩም። አንድም ሐኪም ለምስክርነት አልተጠራም።

ከዚያ አስቀድሞ በ1997 ዓ.ም. የአገር ውስጥ ድርጅቶች ምርጫ ለመታዘብ እንዳይችሉ በተከለከሉ ጊዜ በምርጫ ቦርድ ላይ ክስ መሥርተው በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ረትተው ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም አጽንቶላቸዋል። ሁለቱን ጉዳዮች ጎን ለጎን ስናያቸው ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። በምርጫው ክርክር ድርጅቶቹ የጠየቁት የራሳቸውን መብት ነበር። በወንዙ ክርክር አፓፕ የጠየቀው የሌሎችን፣ ስማቸው በክሱ ያልተዘረዘረውን የወንዝ ዳር ሰዎች መብት ነበር። ፍርድ ቤቶች መንግሥታዊ አካልን ማዘዝ እንደማይሳናቸው የመጀመሪያው ጉዳይ ያሳያል፤ ያስቸገራቸው ስለ ሁሉም የሚናገረው ከሳሽ ነበር።

የሌሎች አገሮች ልምድ

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አልነበረም። በህንድ አገር ኤም. ሲ. መህታ የተባሉት ጠበቃ ስለ ጋንጅስ ወንዝ ያቀረቡትን አቤቱታ ተመልክቶ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1987 እ.ኤ.አ. በካንፑር የሚገኙ የቆዳ ፋብሪካዎች ቢያንስ የመጀመሪያ ደረጃ የፍሳሽ ማጣሪያ እንዲተክሉ፣ አለዚያ እንዲዘጉ አዘዘ። በሚቀጥለው ዓመት በሰጠው ውሳኔ ደግሞ የካንፑርን ማዘጋጃ ቤት ራሱን ግዴታውን እንዲፈጽም አዘዘው። መህታ በወንዙ ዳር መሬት የሌላቸው ሰው ቢሆኑም፣ ወንዙን ስለሚጠቀመው ሕዝብ ለመቆም ፍርድ ቤቱ ፈቀደላቸው። አፓፕ የጠየቀው ከዚህ የራቀ አልነበረም።

ወደ አህጉራችን ስንመለስ፣ የሰርና የሕዝቦች መብቶችን የሚመለከተው የአፍሪካ ቻርተር በአንቀጽ 16 የጤናን፣ በአንቀጽ 24 ለዕድገት የሚስማማ አካባቢን የማግኘት መብት ደንግጓል። ቻርተሩን የሚያስፈጽመው የአፍሪካ ኮሚሽን ሥራውን የጀመረው በኅዳር ወር 1987 እ.ኤ.አ. እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ነበር። በ1996 እ.ኤ.አ. ሴራክ የተባለ የሌጎስ ድርጅት ከአንድ የኒውዮርክ ድርጅት ጋር ሆኖ በኦጎኒ ምድር በነዳጅ ሥራ ስለደረሰው ብክለት በናይጄሪያ መንግሥት ላይ አቤት አለ። ኮሚሽኑ በ2001 እ.ኤ.አ. መንግሥቱ ሁለቱን አንቀጾች ጨምሮ ብዙ የቻርተሩን ድንጋጌዎች መጣሱን ወሰነ። በውሳኔው ውስጥ ማንም ሰው ስለ ሕዝብ ጥቅም አቤት ማለት መቻሉ ጠቃሚ መሆኑን ገልጾ ድርጅቶቹን አመስግኗል፤ መንግሥታት በአደጋ ላይ ያሉ አካባቢዎችን በሳይንሳዊ መንገድ የመከታተልና ለነዋሪው መረጃ የመስጠት ግዴታ እንዳለባቸውም አመልክቷል። ኢትዮጵያ የዚህ ቻርተር አባል የሆነችው በ1998 እ.ኤ.አ. ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ ተገቢ አይመስለኝም። ጋንጅስም ሆነ የኦጎኒ ወንዞች በፍርድ ብቻ አልጸዱም። ፍርድ ማጣሪያ አይተክልም፤ ማጣሪያውን ሊተክል የሚገባው ማን እንደሆነ በይፋ ይናገራል እንጂ። ይህም ቢሆን ሕመሙን የግል ዕድሉ አድርጎ ለሚቀበል በሽተኛ ትልቅ ነገር ነው።

ድጋፉ የተቋረጠበት አሥር ዓመት

የአቃቂው ክርክር በተዘጋ በሁለት ዓመት ውስጥ ሌላ ለውጥ መጣ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በሰብአዊ መብት፣ በፍትሕና በሕግ ማስከበር ጉዳዮች እንዳይሠሩ ከለከለ። በተግባር ሲታይ፣ አንድ ድርጅት በውጭ ዕርዳታ በወንዝ ዳር ዛፍ መትከል ይችል ነበር፤ በዚያው ገንዘብ የወንዙን ዳር ነዋሪ መብት ይዞ መሟገት ግን አይችልም ነበር። በ2002 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤና የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የባንክ ሒሳብ ታገደ። ጉባኤው ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቶቹን አብዛኛውን ለመዝጋት ተገደደ። ሕግ አዋቂ ሠራተኞች ወደ ሌላ ሥራ ሄዱ፤ ነጻ የሕግ ምክር የለመደው ድኻ ደጃፉ ተዘግቶ አገኘው።

አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ተተካ፤ የገንዘብ ምንጩ ገደብም ተነሣ። ነገር ግን አሥር ዓመት የተቋረጠ ልምድ በአንድ አዋጅ አይመለስም። አቃቂን የመሰለ ክርክር ማካሄድ ስለ ኬሚስትሪ የሚያውቅ ጠበቃ፣ ስለ ሕግ የሚያውቅ ሐኪም፣ የሁለቱንም ወጪ የሚሸፍን ድርጅት ይፈልጋል።

በካርዱ ላይ ምን ይጻፍ?

አሁን ወደ መነሻችን እንመለስ። የአቃቂው ክርክር የወደቀው የሕክምና ማስረጃ ስለጎደለ አይደለም፤ በዚህ ረገድ ጥፋቱን በጤና ባለሙያው ላይ ማሳበብ ትክክል አይሆንም። ነገር ግን ከዚያ ውሳኔ በኋላ የቀረው መንገድ በማስረጃ የታጠረ ነው። ተቆጣጣሪውን በጥቅሉ መክሰስ ካልተቻለ፣ የቀረው አዋጅ ቁጥር 300 በግልጽ ያስቀመጠው፣ በአንድ በታወቀ በካይ ላይ አቤት የማለት መንገድ ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው የት ቦታ፣ መቼ፣ ከማን የተለቀቀ ፍሳሽ፣ በማን ላይ ምን ሕመም እንዳደረሰ ማሳየት ይኖርበታል። የፍሳሹን ነገር የአካባቢ ባለሙያው ይለካዋል። የሕመሙን ነገር ግን ከእኛ በቀር የሚመዘግብ የለም።

ይህን ማድረግ እንደምንችል ደግሞ ታሪካችን ይመሰክራል። በ2008 ዓ.ም. አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት በአዲስ አበባ በተከሰተ ጊዜ የእያንዳንዱን ሕመምተኛ አድራሻ፣ የሚጠጣውን ውኃ ምንጭ፣ ሕመሙ የጀመረበትን ቀን በዝርዝር መዝግበናል። በዚያው ክረምት፣ በዚያው ጤና ጣቢያ፣ የወረርሽኙን መሥፈርት ያላሟላችው የሦስት ዓመት ልጅ ካርድ ላይ ግን «ተቅማጥ» ብቻ ተጻፈ። እናቲቱ የነገረችኝ ከማንኛውም መጠይቅ የማይተናነስ የተጋላጭነት ታሪክ ነበር፤ እኔ ነኝ ያልጻፍኩት።

ስለዚህ የሚከተሉትን ነጥቦች ለሙያ ባልደረቦቼ አቀርባለሁ። በመጀመሪያ፣ በወንዝ ዳር ወይም በፋብሪካ አጠገብ የሚኖር ሕመምተኛ ሲመጣ መኖሪያው፣ ሥራው፣ ውኃ የሚያገኝበትና አትክልት የሚያጠጣበት ቦታ በካርዱ ላይ በአንድ መስመር ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ተመሳሳይ ሕመም በአንድ መንደር ሲደጋገም ተቆጥሮ ለወረዳው የጤና ጽሕፈት ቤትና ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ይገለጽ፤ በቃል የተነገረ ነገር በመዝገብ አይገኝም። ሦስተኛ፣ የጊዜ ገደቦቹን እናስታውስ፤ ሠላሳው ቀን፣ ስድሳው ቀንና የሁለት ዓመቱ የካሣ ጊዜ የሚቆጠሩት እኛ ዝም ባልንበት ጊዜ ጭምር ነው። አራተኛ፣ የሕመምተኛው ምሥጢር የሕመምተኛው ነው፤ ያለ ፈቃዱ ስሙም ካርዱም አይወጣም፤ ድምር ቁጥሩን መግለጽ ግን ምሥጢር ማውጣት አይደለም። አምስተኛ፣ ለምስክርነት ስንጠራ የምናውቀውንና የምንጠረጥረውን እንለይ። «ሊያደርስ ይችላል» ማለትና «አድርሷል» ማለት በችሎት ፊት ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ ከሚገባው በላይ የተናገረ ሐኪም የበሽተኛውን ጉዳይ ያበላሻል።

ከዚህም ሌላ፣ አንቀጽ 11 አቤት ባዩ ጥቅሙ መነካቱን እንዲያሳይ ስለማያስገድድ፣ የሙያ ማኅበር ራሱ አቤት ባይ ሊሆን የማይችልበት ምክንያት አይታየኝም። የሐኪሞች፣ የነርሶችና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች ማኅበራት ከሕግ ድጋፍ ሰጪ ድርጅቶች ጋር በዚህ ላይ ቢመክሩ የሁለቱም ድካም ይቀላል።

ማጠቃለያ

ከአቃቂው ክርክር ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። ባለሥልጣኑ ሚኒስቴር፣ ቀጥሎ ኮሚሽን፣ ከዚያም እንደገና ባለሥልጣን ሆኗል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማውን ወንዞች ዳር የማልማት ሥራ ተጀምሯል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሐምሌ 2022 እ.ኤ.አ. ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የሰው ልጅ መብት መሆኑን በ161 ድምፅ አጽድቋል። ኢትዮጵያ ይህን መብት በሕገ መንግሥቷ ከጻፈች ሃያ ሰባት ዓመት አልፏት ሳለ በድምፀ ተዓቅቦ ካለፉት ስምንት አገሮች አንዷ ሆና መገኘቷ የሚያስገርም ነው።

ካዛንቺስም ተለውጧል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት የሰፈሩ አሮጌ ቤቶች በስፋት ፈርሰው ብዙ ነዋሪዎች ወደ ከተማው ዳርቻ ተዛውረዋል። አዲሱ መንገድና የጸዳው የወንዝ ዳር የሚያስደስት ሊሆን ይችላል። ሆኖም ለአርባና ለሃምሳ ዓመት በወንዙ አጠገብ የኖሩት ሰዎች ዛሬ በተለያዩ ጤና ጣቢያዎች፣ በአዲስ አድራሻ፣ አዲስ ካርድ አውጥተው ይታከማሉ። ነገ የኩላሊት፣ የጉበት ወይም የነርቭ ሕመም ይዞ የሚመጣ ሰው ከየት እንደመጣ ካልጠየቅነው፣ የቀድሞ ኑሮው ከፈረሰው ቤት ጋር ጠፍቶ ይቀራል።

ያቺ ልጅ ዛሬ ትምህርት ቤት የምትሄድ ልጅ ሆናለች። ቤተሰቧ የት እንደሄደ አላውቅም። ካርዷ ግን በአንድ መዝገብ ክፍል ውስጥ ይኖራል። የሚፈልገው የሕግ ባለሙያ አንድ ቀን ቢከፍተው «ተቅማጥ፣ ለሦስተኛ ጊዜ» የሚል ያገኛል። እናቷ የነገረችኝን አያገኝም። ያንን ማረም አልችልም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሕመምተኛ ሁሉ «ውኃ ከየት ነው የምትቀዱት?» ተብሎ ሳይጠየቅ ከክፍሌ አይወጣም፤ መልሱም ይጻፋል።